ፖሊስ ቤታችሁን ሊበረብር ሲመጣ፦ ከደጃፉ እስከ ችሎቱ

ስለ ብርበራ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማዘዣ አላችሁ ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ጠይቆ መልስ ካገኘ በኋላ ነገሩን መተዉ ነው። ፖሊሶቹ ከጓዳ ሳሎን ይመላለሳሉ፤ እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል። መጨረሻ ላይ ወረቀት ይቀርብለታል፤ ሳያነብ ይፈርማል። ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ክርክር የሚነሳው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ምን ተገኘ? የት ተገኘ? ማን አየ?

ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ማዘዣው የሚገባውን ያህል እናወራለን፤ ረዘም አድርገን የምንቆየው ግን የዕቃው ዝርዝር ላይ ነው። የምንደገፍባቸው ሕጎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ነው፤ የመኖሪያ ቤት፣ የአካልና የንብረት ከመበርበር የመጠበቅን መብት ይደነግጋል። ሁለተኛው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ብርበራ እንዴት እንደሚካሄድ የሚናገሩት አንቀጽ 32 እና 33 ናቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፉም። አትማችሁ ቤት ብታስቀምጧቸው አይከፋም።

ገና ማንም ሳያንኳኳ

አድራሻችሁን አስተካክሉ። ተራ ነገር ይመስላል። መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን አድራሻ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆኗል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ብዙ ነው። መታወቂያው የድሮውን ወረዳ ይናገራል፤ ሰውየው የሚያድረው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ባልተነሱት ሰፈሮችም ቢሆን በአንድ የቤት ቁጥር አራት አምስት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ሞልቷል። ፖሊስ ማዘዣ የሚያወጣው በአድራሻ ነው። የጎረቤታችሁ ጉዳይ በእናንተ በር እንዳይገባ፣ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ የሚያሳይ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ደረሰኝ እጃችሁ ላይ ይኑር።

ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች ደግሞ በሰነድ ያዟቸው። የስልኩን ካርቶን አትጣሉ። የወርቅ ደረሰኝ ግራሙና ካራቱ የተጻፈበት ይሁን። የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ። የእነዚህን ኮፒ ዘመድ ቤት ወይም ኢሜላችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ምክንያቱም ብርበራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው ሰነድ የተቀመጠበት ቦርሳ ነው።

1. በሩ ሲንኳኳ

በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማን እንደሆኑ ጠይቁ። ስም፣ ማዕረግ፣ ከየት ጣቢያ ወይም ከየትኛው መምሪያ እንደመጡ። ሲቪል የለበሰ ሰው ከሆነ የሥራ መታወቂያውን እዩ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ፖሊስ ነን ብለው ገብተው የዘረፉ ሰዎች ወሬ ከተማችን ውስጥ አዲስ አይደለም፤ ይህን ከእናንተ ይልቅ ፖሊስ ራሱ ያውቀዋል። ከተጠራጠራችሁ 991 ደውላችሁ ጠይቁ፤ ወይም ሰፈራችሁ ያለውን ጣቢያ አናግሩ።

የተቀመጠ ሰዓትም አለ። ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ማዘዣው ላይ ይህን የሚፈቅድ ቃል ሊኖር ይገባል። ሰዓቱን አይታችሁ መዝግቡ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይሆን ስልካችሁን ተመልከቱ።

ማንነታቸውን ካረጋገጣችሁና ማዘዣም ካለ፣ በሩን ዘግቶ መከራከር አያዋጣም። ሕጉ መግቢያ ከተከለከለ ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅሞ መግባትን ይፈቅዳል። የተሰበረ በር ይተርፋችኋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ሥራ አደናቀፈ» የሚል ሌላ ክስ ሊመጣ ይችላል። ተቃውሞ ካላችሁ በአፍ ተናገሩ፣ በወረቀት አስጽፉ። በእጅ አይሁን።

2. ማዘዣውን ማንበብ

ማዘዣ ማየት ማለት ከሩቅ የተዘረጋ ወረቀት ላይ ማኅተም መኖሩን ማየት አይደለም። ቀበና አካባቢ ያሉ አንዲት እናት እንዲህ አድርገው ነበር።

«እማማ፣ ፖሊስ ነን። ብርበራ አለ።»

«እሺ ልጄ። ወረቀቱን ስጠኝና ላንብበው።»

«ይኸው፣ ማኅተም አለው።»

«ማኅተሙንማ አየሁት። መነጽሬን ላምጣ።»

መነጽራቸውን አመጡ። ቁጭ ብለው አነበቡ። ፖሊሶቹም ቆመው ጠበቁ፤ ማንም አልጮኸም። የቤት ቁጥሩ የእሳቸው ሳይሆን ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ስታነቡ የምትፈልጉት ይህን ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ሰጠው? መሃል ከተማ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶችን ነው፤ ልደታ፣ አራዳ፣ ቂርቆስ። ሕጉ ግን ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል ስለሚል፣ «ይሄ የእኛ ክፍለ ከተማ ችሎት አይደለም» ብላችሁ አትከራከሩ። ቀኑ መቼ ነው? የተጻፈው የማን ስም፣ የትኛው ቤት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንዲፈለግ ነው የታዘዘው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። አንቀጽ 33 ማዘዣው የሚፈለገውንና የሚያዘውን ንብረት ለይቶ መጥቀስ አለበት ይላል። ፖሊስ ከተጠቀሰው ውጭ ያለ ንብረት መያዝ አይችልም። ማዘዣው «የተሰረቀ ቴሌቪዥን» ካለ የኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ቴሌቪዥን መሳቢያ ውስጥ አይገባም። «ሰነድና የእጅ ስልክ» ካለ ግን ሁሉም መሳቢያ ክፍት ነው። የተጻፈውን ማወቃችሁ እስከ የት መሄድ እንደሚችሉ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መያዙ ራሱ ወንጀል የሆነ ዕቃ ካገኙ፣ ለምሳሌ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ፣ ማዘዣው ላይ አልተጻፈም ብለው ትተውት ይሄዳሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

የማዘዣውን ኮፒ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቁ። እሱንም ከከለከሉ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የችሎቱን ስም በእጃችሁ ጻፉ። ሦስቱን ከያዛችሁ ጠበቃ ፋይሉን ከሬጅስትራር ማግኘት አያቅተውም።

3. ማዘዣ ከሌለስ?

የ1954ቱ ሕግ ያለ ማዘዣ ቤት ለመግባት ሁለት በር ብቻ ነው የተወው። አንደኛው፣ ተጠርጣሪን ፖሊስ እግር በእግር እየተከታተለው ሮጦ ቤት ከገባ፣ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ከጣለ። መርካቶ ላይ ቦርሳ ነጥቆ ግቢያችሁ የዘለለ ሌባን ለመያዝ ፖሊስ ልደታ ሄዶ ማዘዣ ያውጣ የሚል ሰው የለም።

ሁለተኛው በር ጠበብ ያለ ነው፤ ብዙ የሚሰፋውም እሱ ነው። ጥቆማ ስለመጣ ብቻ አይከፈትም። መጀመሪያ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል መኖር አለበት። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ለማስረጃ የሚጠቅም ዕቃ እዚያ ቤት ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሊኖር ይገባል። በዚያ ላይ ማዘዣ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ፖሊሱ በበቂ ምክንያት ማመን አለበት። አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም።

እናንተ በር ላይ ቆማችሁ እነዚህን ሁሉ አከራክራችሁ አታሸንፉም። ማድረግ የምትችሉት ሁለት ነገር ነው። «ያለ ማዘዣ የምትገቡት በምን ምክንያት ነው? የተጠረጠረው ወንጀል ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ቃል በቃል ያዙ። ቀጥሎ «አልከለክላችሁም፤ ግን በፈቃዴ አይደለም» በሉ። «በራሱ ፈቃድ አስገብቶን» የሚል ዓረፍተ ነገር የብርበራ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይገባል። ያልፈቀዳችሁትን ፈቀድሁ ብላችሁ አትፈርሙ።

ቤቱ የቀበሌ ይሁን የግል፣ ኪራይ ይሁን ኮንዶሚኒየም ለውጥ የለውም። ጥበቃው ለሚኖርበት ሰው ነው። አከራይ «ግቡ፣ ቁልፉ ይኸው» ቢል የተከራዩን ክፍል ማዘዣ አይተካም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይነኩ የዘረዘራቸው አንቀጾች አሉ፤ አንቀጽ 26 እዚያ ውስጥ የለም። በ2014 ዓ.ም አዋጁ ታውጆ በነበረበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ፍተሻ እንደነበር ብዙዎቻችን አንረሳውም። አንቀጽ 18 ግን ከማይነኩት አንዱ ነው። ማዘዣ ባይኖርም ዱላና ማዋረድ በየትኛውም አዋጅ አይፈቀድም። ዕቃ ሲወሰድ ዝርዝር መጠየቅንም የሚከለክል የለም፤ ጠይቁ።

4. ብርበራው ሲካሄድ

መጀመሪያ ታዛቢ ጥሩ። ሕጉ የተያዘው ዕቃ ዝርዝር በተቻለ መጠን በገለልተኛ ሰው ተረጋግጦ ይፈረምበት ይላል። «በተቻለ መጠን» ስለሚል ፖሊሱ «ሰው አጣሁ» ሊል ይችላል። እንዳይል እናንተ ሰው አቅርቡ። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ፣ የዕድር ዳኛ፣ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት። ዘመድ አይሁን፤ ገለልተኛ ነው የተባለው። ከእናንተ ጋር የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ከወንድማችሁ ይሻላል፤ ችሎት ፊት «ለእነሱ አደላ» የሚለው የለምና።

ፖሊስ ራሱ ታዛቢ ይዞ ከመጣ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙንና የሚኖርበትን ወረዳ ጻፉ። ፖሊሱ ይዞት የሚዞር ሰው ከሆነ ያንን ማስመዝገብ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ እንዲበረበር ለምኑ። ለምኑ ያልኩት አስቤበት ነው። ትእዛዝ የሚመስል ንግግር እዚህ ጋ አይጠቅምም። «ሳጅን፣ ተራ በተራ ብናደርገው እኔም አብሬ ባይ ደስ ይለኛል» ብትሉ አብዛኛው ይስማማል። ሦስት ፖሊስ ሦስት ክፍል ውስጥ ሲገባ እናንተ አንድ ናችሁ። አንደኛው ኮርኒሱን ሲያነሳ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ምን ከየት እንደወጣ ማንም አያውቅም፤ ፖሊሶቹም ጭምር። ሐቀኛ መርማሪም ቢሆን ይህ ሥርዓት ይጠቅመዋል፤ በኋላ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ የሚመልሰው ይኖረዋል።

ጥሬ ገንዘብና ወርቅ ካለ ገና ሳይጀመር ተናገሩ። «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብር አለ፤ ታዛቢው ባለበት እንቁጠረው።» ይህን መናገር ገንዘቡን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ማዘዣው ገንዘብ ካልጠቀሰ ተቆጥሮ እናንተ እጅ ላይ ይቀራል።

ልጆችና አረጋውያን ካሉ አንድ ክፍል ተበርብሮ ሲያልቅ እዚያ አስቀምጧቸው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከተያዘና አካሉ የሚፈተሽ ከሆነ፣ ሴትን ሴት ወንድን ወንድ ነው የሚፈትሸው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንቀጽ 32 ላይ የተጻፈ ነው። ሴት ፖሊስ ከሌለች እስክትመጣ ይጠበቃል።

ስለ አፍ አንድ ምክር። ዕቃ እያነሱ «ይሄ የማን ነው? ከየት አመጣኸው?» ይባላል። ሰው ሲደነግጥ ያወራል። ያልተጠየቀውን ያስረዳል፣ ያልሆነውን ይገምታል። ለተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ሰጥቶታል። «ስለ ዕቃው ጠበቃ ባለበት እናገራለሁ» በቂ ነው። በትህትና ተናገሩት፣ ደጋግማችሁ ተናገሩት። ውሸት ግን አትናገሩ። «የኔ አይደለም» ብላችሁ በኋላ ደረሰኙ በስማችሁ ቢገኝ ማን ያምናችኋል?

ዕቃ አትደብቁ፣ መልእክት አታጥፉ፣ ወረቀት አትቅደዱ። ከጥርጣሬ ወደ ክስ የሚወስድ አቋራጭ መንገድ ነው።

5. ዝርዝሩ

ዋናው እዚህ ነው። ሻይ አፍልታችሁም ቢሆን ጊዜ ውሰዱበት።

የተለመደው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ «1ኛ አንድ ሞባይል። 2ኛ የተለያዩ ሰነዶች። 3ኛ ጥሬ ገንዘብ። 4ኛ አንድ ፍላሽ።» ይህ ዝርዝር ማንንም አይጠብቅም። የትኛው ሞባይል? ስንት ሰነድ? ስንት ብር? ፍላሹ ከየት ወጣ? የዛሬ ስድስት ወር ኤግዚቢት ክፍል (የተያዘ ዕቃ የሚቀመጥበት) ውስጥ ሌላ ሞባይል ቢገኝ በምን ትለዩታላችሁ?

እንዲህ ቢጻፍስ? «1ኛ አንድ ጥቁር ሳምሰንግ ስልክ፣ መስታወቱ በቀኝ በኩል የተሰነጠቀ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ (እዚህ ቁጥሩ ይገባል)፣ ሲም ካርድ ያለው፣ ከመኝታ ቤት ኮመዲኖ የላይኛው መሳቢያ የተገኘ።» የአይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ አለ፤ ወይም *#06# ሲደወል ይወጣል።

ገንዘብ በኖት ዓይነት ይጻፍ። «ባለ 200 ብር ኖት 150፣ ባለ 100 ብር ኖት 80፣ ድምር 38,000 ብር።» ሁለት ሰው ይቁጠረው። ዶላር ካለ የኖቶቹ ተከታታይ ቁጥር ቢጻፍ ጥሩ ነው፤ ብዙ ከሆነ በፖስታ ታሽጎ እሽጉ ላይ ይፈረም።

ወርቅ ላይ ፖሊስ «ወርቅ መሰል» ብሎ ቢጽፍ አትቆጡ። እሱ አንጥረኛ አይደለም፤ እንዲህ መጻፉ ልክ ነው። እናንተ ግን ቅርጹንና ቁጥሩን አስጽፉ፤ «የአንገት ሐብል ከመስቀል ጋር አንድ፣ የጆሮ ጉትቻ አንድ ጥንድ»። ደረሰኝ ካላችሁ ግራሙ እዚያ ላይ አለ።

ሰነድ በገጽ ይቆጠር። «የተለያዩ ሰነዶች» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ካርታ፣ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ ፓስፖርት እያንዳንዳቸው በስማቸው ይጻፉ። የቀረው በካኪ ፖስታ ገብቶ «ሰነድ፣ 46 ገጽ፣ የታሸገ» ይባል፤ እሽጉ ላይ እናንተም ታዛቢውም ፈርሙ።

የተገኘበት ቦታ ከዕቃው እኩል አስፈላጊ ነው። በተለይ ብዙ ሰው የሚኖርበት ግቢ ከሆነ። «ከቤቱ የተገኘ» የሚለውን አትቀበሉ። ከማን ክፍል? ከአልጋ ሥር ወይስ ከጋራ ኮሪደሩ? ሽንት ቤት ጣሪያ ላይ የተገኘ ዕቃ ሦስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ያ ነገር ዕለቱን ካልተጻፈ በኋላ ለማስረዳት ከባድ ነው።

ስትፈርሙ ሙሉውን አንብቡ። ባዶ መስመር ካለ በሰያፍ ሰርዙት። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ከፊርማችሁ በላይ በራሳችሁ እጅ ጻፉ፦ «ተራ ቁጥር 4 ላይ የተጠቀሰው ፍላሽ ከእኔ ክፍል ሲወጣ አላየሁም።» ይህች አንዲት መስመር በኋላ ጠበቃችሁ ከሚያቀርበው ባለ አምስት ገጽ አቤቱታ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ላይ የተባለ ነው። ይህን እንዳትጽፉ ከተከለከላችሁ አትፈርሙ። ፖሊሱ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ ይጽፋል። ይጻፍ። አለመፈረም ጥፋት ማመን አይደለም።

ኮፒ ጠይቁ፣ ካልሆነ ፎቶ አንሱ። ምንም ካልተገኘም «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይኑር። ይህን ሰው ይረሳዋል። ፖሊስ ሲወጣ እፎይ ብሎ በር ይዘጋል።

6. ስልክና ኮምፒውተር

ስልኩን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ውስጡን ማየት ሌላ። አንቀጽ 26 ደብዳቤን፣ የስልክ ግንኙነትንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በተለይ ጠቅሶ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የኮምፒውተር ዳታን ለመበርበርና ለመያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝን ይጠይቃል። «እስቲ ቴሌግራምህን ክፈት» የሚል ፖሊስ ይህ ትእዛዝ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ ጣቢያ ውስጥ ስትባሉ ምን ትላላችሁ? «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ልየው። ከሌለ አልከፍትም።» ይቺን ማለት በጽሑፍ ቀላል፣ በአካል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ተገዳችሁ ከከፈታችሁ ሰዓቱን፣ ያስከፈታችሁን ሰው ስምና ያየውን ነገር ያዙ፤ መጀመሪያ ችሎት ስትቀርቡ ለዳኛው ተናገሩ።

ስልኩ የሚወሰድ ከሆነ እንዲጠፋ፣ በፖስታ እንዲታሸግና እሽጉ ላይ እንዲፈረም ጠይቁ። ለእናንተም ለመርማሪው ይበጃል። ክፍት ሆኖ ኪስ ውስጥ የዞረ ስልክ ላይ የገባ መልእክት ማን እንደጻፈው ማን ያውቃል? ስልኩ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ የሞባይል ባንኪንጋችሁን ባንክ ሄዳችሁ አዘጉ።

7. መንገድ ላይ

በበዓል ቀን መስቀል አደባባይ ወይም ጃንሜዳ መግቢያ ላይ የሚደረገው ፍተሻ፣ ሆቴል በር ላይ ያለው ፍተሻ፣ የጸጥታ ጥበቃ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ እለፉ። ሕግ ለመጥቀስ አመቺ ቦታ አይደለም፤ ኋላችሁ ያለው ሰልፍም አያመሰግናችሁም።

ፖሊስ ለይቶ አስቁሞ ሲፈትሽ ግን ጉዳዩ ይለያል። አንቀጽ 32 የሚናገረው ስለተያዘ ሰው ነው፤ ያውም ለወንጀሉ ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዟል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠር። «በምን ጠርጥረኸኝ ነው?» ብሎ በጨዋ ድምፅ መጠየቅ ይቻላል። ኪሳችሁን ራሳችሁ አውጡ፣ የወጣውን በዓይናችሁ ተከተሉ፤ የሆነ ዕቃ ከወሰዱ የጣቢያውን ስም ጠይቁ።

ደንብ አስከባሪ ሌላ ነው። የመንገድ ላይ ንግድን በከተማው ደንብ ይቆጣጠራል፤ ዕቃ ይወርሳል። የወሰደውን ዕቃ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁት። ቤት ገብቶ መበርበር ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ለፖሊስ የተሰጠ ሥልጣን ነው። ጉምሩክም በአዋጅ ቁጥር 859/2006 የራሱ አሠራር አለው፤ ሱቅና መጋዘን ያላችሁ ለብቻው ብታነቡት ይሻላል።

8. ጣቢያና ችሎት

ሰው ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መሃል አዲስ አበባ ላይ ይህ ሰበብ ሊሆን አይችልም፣ የትራፊኩ መጨናነቅ ተጨምሮበትም ቢሆን። ቤተሰብ የተያዘበትን ሰዓት ይጻፍ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። ፖሊስ ምርመራው አላለቀልኝም ብሎ ጊዜ ይጠይቃል። ዳኛው ከፈቀደ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚህ ቀርቦ ስለ ዋስትና ብቻ ይናገራል። ስለ ብርበራውም ተናገሩ። «ማዘዣ አልታየም። ከተዘረዘረው ውጭ 12,000 ብር ተወስዷል። ዝርዝሩ ላይ ተቃውሞዬን እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ።» አጭር ይሁን፣ ቁጥር ይኑረው፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም ጠይቁ። ሌላ ምንም ውጤት ባይገኝ መዝገቡ ላይ መስፈሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። ሕገ መንግሥቱ በግዳጅ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ሥርዓት ባልጠበቀ ብርበራ የተገኘ ዕቃ ውድቅ ይሆናል የሚል እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ ግን የ1954ቱ ሕግ ውስጥ አታገኙም። በፊልም እንደምናየው «ማዘዣ አልነበረም» ተብሎ ክሱ ወዲያው አይፈርስም። ጠበቃ የሚሠራው ማስረጃው እንዳይታመን ማድረግ ነው፦ ታዛቢው አላየም፣ ቦታው አልተጻፈም፣ እሽጉ ተከፍቷል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ ያን ያህል የቆየሁት።

9. ቅሬታና ዕቃን ማስመለስ

ከሕግ ውጭ የበረበረ የመንግሥት ሠራተኛን የወንጀል ሕጉ ይቀጣል። አቤቱታውን ለፖሊስ ኮሚሽኑና ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አሉ፤ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም በወጡ አዋጆች የተቋቋሙ ናቸው። በር ተሰብሮ፣ ዕቃ ተበላሽቶ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ካሳ መጠየቅም ይቻላል። የተሰበረውን ሳታነሱ ፎቶ አንሱት፤ ጽዳቱ ይቆይ።

የተያዘ ዕቃ በጥሩ ቦታ ተጠብቆ ፍርድ ቤት ሲፈልገው መቅረብ አለበት። ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዘ ዕቃ ካለ ግን እስከ ፍርድ ድረስ አትጠብቁ። መጀመሪያ ለመርማሪው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ኮፒው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙ። ካልመለሰ መዝገቡ ለሚታይበት ችሎት አቤቱታ ይገባል። አቤቱታው ላይ የዝርዝሩን ተራ ቁጥር ጥቀሱ፣ የባለቤትነት ማስረጃ አያይዙ፦ ለመኪና ሊብሬ፣ ከውጭ ለገባ ዕቃ ዲክላራሲዮን፣ ለሌላው ደረሰኝ። ዕቃው የተጠርጣሪው ሳይሆን የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ራሱ በስሙ ያመልክት። ላፕቶፕ አውሶ የተወሰደበት ሰው «የጓደኛዬ ነው» ሲል ከሚሰማው ይልቅ ጓደኛው ደረሰኝ ይዞ ሲቀርብ ይሰማል።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከዘጋው ወይም ተከሳሹ ነጻ ከወጣ፣ ዕቃው በራሱ ጊዜ ቤት አይመጣም። የውሳኔውን ግልባጭ አውጡ፤ ዕቃው እንዲመለስ የሚል ትእዛዝ ከሌለበት ተጨማሪ ትእዛዝ አስጽፉ፤ ይዛችሁ ወደ ኤግዚቢት ክፍል ሂዱ። ስትረከቡ የድሮውን ዝርዝር አጠገባችሁ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ስልኩን አብርታችሁ እዩት፤ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን አስተያዩ። የጎደለ ካለ የመረከቢያው ወረቀት ላይ ከፊርማችሁ በፊት ጻፉት።